ስለ አረጋውያን ጡረትና ስለ ውሏቸው

በአገራችን ልማድ ሰው ከሰው ጋር ከቀትር በኋላ ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንደምን ዋልህ?» ብሎ ነው። ምን እንደ በላ አይጠይቀውም፤ ስንት እንዳገኘም አይጠይቀውም። ይህን ሰላምታ ዕለት ዕለት ስለምንለዋወጠው ቃሉን ከአፋችን ከማውጣት በቀር ትርጓሜውን ልብ አንለውም። ነገር ግን ሰላምታውን ያቆዩልን አባቶች የሰው ኑሮ በመብልና በልብስ ብቻ እንደማይለካ፣ ሰው ቀኑን ከማን ጋር፣ በምን ሥራና በምን አሳብ እንዳሳለፈው መጠየቅ እንደሚገባ የተረዱ ይመስላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከዚሁ ሰላምታ የሚነሣ ነው። ይኸውም አባቱንና እናቱን በእርጅናቸው ወራት የሚያበላ፣ የሚያለብስና የሚያሳክም ልጅ ስለ ወላጆቹ የታዘዘውን ሁሉ ፈጸመ ይባላልን? ወይስ የወላጆቹ ውሎ ደግሞ ከእርሱ ይፈለጋል?

ነገሩን እንድናስብበት ምክንያት የሆነን በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ ከተማ በመርሳ ያየነው ነው። መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ የተቀመጠች፣ ብርቱካንና ማንጎ የሚበቅልባት ሞቃት ከተማ ናት። ለግሸን ደብረ ከርቤ በዓል ከሰሜን የሚመጡ ተሳላሚዎች በእርሷ በኩል ያልፋሉ። እኛም በዓሉን አክብረን ስንመለስ በአንዲት እናት ቤት በእንግድነት አረፍን። ቤቱ በቅርብ የተሠራ ነው፤ ቆርቆሮው ገና አልደበዘዘም፤ የብረት በርም አለው። የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት ያለፈ፣ ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው ናቸው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት ይሠራሉ፤ ወንዱ ልጃቸው በአዲስ አበባ ነው። ቤቱን ያሠሩላቸው እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ በየወሩም ገንዘብ ይልካሉ። አንዲት የጎረቤት ልጅ ጧትና ማታ እየመጣች እንጀራውን ታቀርብላቸዋለች፤ ውኃውን ትቀዳላቸዋለች፤ በመካከሉ ትምህርት ቤት ትውላለች። እናታችን ግን ከጧት እስከ ማታ በብረቱ በር አጠገብ በዱካ ላይ ይቀመጣሉ። እኛም «ልጆችዎ አልረሱዎትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን» ብንላቸው፣ «አባቶቼ፤ እንጀራስ ሞልቷል፤ ቀኑ ነው አልመሽ ያለኝ» ሲሉ መለሱልን። ይህን ከተናገሩ በኋላም ደንገጥ ብለው «ይቅር ይበለኝ፤ ጠግቤ ነው እንዲህ የምለው» አሉ።

ከቃላቸው ይልቅ ድንጋጤያቸው አሳዘነን። የእኒህ እናት ትውልድ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በሆነው የወሎ ረኃብ ጊዜ ወጣት የነበረ ነው። በዚያን ወራት ሕዝቡ ከየቀዬው ወርዶ በዚሁ አውራ ጐዳና ዳር ተኰልኵሎ አላፊውን መኪና ይለምን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛውን ረኃብ አየ። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ ሀብሩ በደረሰ ጊዜም ብዙ ጕልማሶች ወደ ደሴ ሲሸሹ መንገድ የማይችሉ አረጋውያን በየቤታቸው ቀርተው መዓቱን ብቻቸውን ተቀበሉት። እንዲህ ያለ ዘመን ያሳለፈ ሰው የጐደለውን ሲቈጥር ከእንጀራ አያልፍም። እንጀራ ካለ ሌላውን ጕድለት በስሙ ለመጥራት ያፍራል፤ የሰው ናፍቆቱን ጥጋብ ይለዋል። ስለዚህ አረጋውያን ስላላጉረመረሙ ምንም አልጐደለባቸውም ብለን መፍረድ አይገባንም። ዝምታቸው የረኃብ ዘመን ያስተማራቸው ትሕትና ነውና።

በቀደመው ዘመን ለአረጋዊ ውሎ የሚያዘጋጅለት ሰው አልነበረም፤ ውሎው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበርና። ጧት ኪዳን ያስደርሳል፤ ከዚያ በደጀ ሰላም ተቀምጦ ከእኩዮቹ ጋር ይጨዋወታል፤ እርሻው ቢቀርበት ሽምግልናው አይቀርበትም። በወሎ አበጋር የሚባሉት የእርቅ አባቶች ደም የተቃቡትን ወገኖች እያስታረቁ ኖረዋል። ይህ ሥራ ጕልበት የሚጠይቅ አይደለም፤ ዕድሜና መታመን የሚጠይቅ ነው፤ ሰውዬው ባረጀ ቍጥር ለሥራው ይበልጥ የተገባ ይሆናል። አሮጊቲቱም ጥጥ ትፈትላለች፤ ስፌት ትሰፋለች፤ ምጥ ወደ ያዛት ጎረቤት ትጠራለች፤ የልጅ ልጅ ታቅፋለች። ቡናው ዛሬ በአንዷ ነገም በሌላዋ ቤት ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜም የመንደሩን ወሬ ሁሉ ለማዳረስ ይበቃል፤ በመጨረሻም የሚመርቀው አንጋፋው ነው። እንግዲህ አረጋዊው ሲውል የሚፈልገው ሰው ነበረ። ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን ከእንከን የጠራ አድርገን ልናወራ አንሻም። የዚያ ዘመን ጡረት በአብዛኛው በአንዲት ምራት ወይም ባልተዳረች በአንዲት ልጅ ጫንቃ ላይ የተጫነ ነበር። አማቷን እያጠበችና እያጐረሰች የራሷ ዕድሜ ያለፈባት ሴት ብዙ ናት፤ ምርቃቱን ያገኘው ግን ስሙ የሚጠራው ወንድ ልጅ ነው።

ዛሬ ይህ ሥርዓት በብዙ ስፍራ ላልቷል። መሬቱ ለልጅ የሚተርፍ አይደለም፤ የተማረው ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ያልተማረውም ባሕር ይሻገራል። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ የወሎ ልጆች ከመካከላቸው ጥቂቶች አልነበሩም፤ ከዚያ በኋላም መሄዱ አልቀረም። ከሄዱትም ሴቶች ልጆች ብዙዎቹ በሰው አገር የሚሠሩት ሥራ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ልጅቱ በጅዳ ወይም በሪያድ የሌላ ሰው እናት ደግፋ ታነሣለች፤ ታጥባለች፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ ታውጣለች፤ ሌሊትም ስትጠራት ትነሣለች። በዚያው ሰዓት የወለደቻት እናቷ በመርሳ በብረት በር አጠገብ ተቀምጣለች። ልጅቱን ግን ልንነቅፋት አይደለም። እርሷ ባትሄድ ኖሮ እናቲቱ ቤቱም እንጀራውም አይኖራቸውም ነበር። ይልቁንም በራሷ እጅ ልትከፍል የማትችለውን ዕዳ በገንዘብ ለመክፈል የምትደክም ስለ ሆነች ልትመሰገን ይገባታል። ጥያቄያችን ገንዘቡ የማይከፍለውን ቀሪውን ዕዳ ማን ይክፈልላት የሚል ነው።

ሕጉን ብንመረምር በዚህ ነገር ብዙ አይረዳንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ ከዚያ በኋላ የወጡት የቤተሰብ ሕጎች ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋሉ፤ በቀለብም ውስጥ ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምና ይቈጠራሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። የጡረታ አበል በ1955 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በግል ድርጅት ለሚሠሩ በአዋጅ ተወሰነ። የጡረታውም ዕድሜ 60 ዓመት ነው። (ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በመዝገብ የምትጻፈው መበለት ከ60 ዓመት እንዳታንስ ማዘዙን ስናይ፣ የሕግ አዋቂዎቹና ሐዋርያው በአንድ ቍጥር መገናኘታቸው ያስደንቃል።) ገበሬው ግን ከዚህ አበል ውጭ ነው፤ ከእርሱ ወገን እጅግ የተቸገረውና መሥራት የማይችለው በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሁሉም የሚናገረው ስለ ጡረት ነው፤ ስለ ውሎ የሚናገር አንድም የለም። በገጠር መሬትን ለጦረ ሰው ማውረስ የቆየ ልማድ ነው፤ ስለዚህ አረጋዊው ከሞተ በኋላ «የጦርሁት እኔ ነኝ» እያሉ የሚካሰሱ ወንድማማቾች በየፍርድ ቤቱ አይታጡም። ዳኛው የሚመረምረው ማን እንዳበላ፣ ማን እንዳሳከመና ማን እንደ ቀበረ ነው። አጠገቡ ተቀምጦ ያጫወተው ማን እንደ ነበረ የሚናገር ምስክር ተጠራ ሲባል ሰምተን አናውቅም።

እንግዲህ ወደ መጻሕፍት እንመለስ። ጌታችን ጸሐፍት ፈሪሳውያንን ከገሠጸባቸው ነገሮች አንዱ አባትና እናትን ስለ መርዳት ነበር። ሰው ለወላጁ ሊሰጠው የሚገባውን ገንዘብ ለቤተ መቅደስ መባ አድርጌዋለሁ ብሎ ከተናገረ በኋላ ለወላጁ ምንም እንዳያደርግ ይፈቅዱለት ነበርና። በዚህ ተግሣጽ ውስጥ ካህናት ሁላችን ልንፈራው የሚገባ ነገር አለ። ያ ሰው ገንዘቡን በመጠጥና በዝሙት አላጠፋውም፤ ለመልካም ስፍራ ሰጠው። ይሁን እንጂ መልካም ስጦታ እንኳ ከወላጅ መሸሸጊያ ሊሆን እንደሚችል ጌታ ገለጠ። በእኛም ዘመን ልጅ ለወላጁ የሚልከው ብር ራሱ እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ላክሁ ብሎ ልቡን የሚያሳርፍና ስልክ እንኳ ለመደወል የሚሰለች ልጅ አይታጣምና።

ሁለተኛው ታሪክ እምብዛም የማይነገር ስለ ሆነ ጥቂት እንቆይበት። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ በመሃናይም ሳለ ስንቅ ያቀረበለት ባለጸጋ ሰው ነበር። ጦርነቱ አልቆ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ውለታውን ሊከፍል ወድዶ ከእርሱ ጋር እንዲሄድና በንጉሥ ቤት እንዲጦር ለመነው። ቤርዜሊ የ80 ዓመት ሽማግሌ ነበር። የመብሉን ጣዕም መለየትና የዘፋኞችን ድምፅ መስማት እንደማይችል ገልጾ፣ ለንጉሡም ሸክም መሆንን እንደማይወድ ተናግሮ፣ በከተማው በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ይሞት ዘንድ እንዲያሰናብተው ጠየቀ። ዳዊትም ስሞ መረቀው፤ ወደ ቤቱም ሰደደው። ከንጉሥ ቤት የሚበልጥ መጦሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም። ነገር ግን አረጋዊው ከመልካሙ መጦሪያ ይልቅ የሚያውቀውን ደጅ መረጠ። የዳዊትም ደግነት በመስጠቱ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ አስቀድሞ ጠየቀ፤ መልሱ እንዳሰበው ባይሆንም ተቀበለ። ስንቶቻችን ነን አባታችንን ከቀዬው ነቅለን ወደ ከተማ ከማምጣታችን በፊት ፈቃዱን የጠየቅን?

የቤርዜሊ ነገር ከሀገር ውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይበልጥ የቀረበ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ልጆች እናቶቻቸውንና አባቶቻቸውን በፍቅር ወደዚያ ወስደዋል። ልጁ ግን ጧት በአንድ ሥራ፣ ማታም በሌላ ሥራ ይደክማል፤ የልጅ ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም፤ በውጭ በረዶ ነው። በአገሩ ሰፈር ያስታርቅ የነበረ ሽማግሌ ቁልፍ በተቈለፈበት ቤት መስኮት ለመስኮት ሲመላለስ ይውላል። ያዕቆብም ልጁ ዮሴፍ ወደ ግብፅ በወሰደው ጊዜ የ130 ዓመት ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ፈርዖን ዕድሜውን ጠየቀው፤ እርሱም ንጉሡን መረቀው፤ ከልጅ ልጆቹም ጋር በጌሤም ተቀመጠ። በሰው አገር እንኳ የሚጠየቅና የሚመርቅ ሰው ነበረ ማለት ነው።

በዚያው አገር ለእንዲህ ያለው ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የአረጋውያን የቀን መዋያ ነው። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ሐኪሙ ላዮኔል ኮሲን ለአረጋውያን ሕሙማን የቀን ሆስፒታል ከፈተ፤ ሕመምተኛው ቀን ታክሞና ተጫውቶ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በአሜሪካም በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቻይናታውን በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ወላጆቻቸውን በመጦሪያ ተቋም ማስገባት ነውር ስለ ሆነባቸው፣ ኦን ሎክ የተባለው ድርጅት በ1973 ዓ.ም. የቀን መዋያ አቋቋመላቸው፤ ሥርዓቱም ኋላ በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ተስፋፋ። የኦን ሎክ ታሪክ እኛን የሚመለከት የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ያን ሐሳብ የወለደው ወላጅን የመጣል ልማድ ሳይሆን ወላጅን ለመጣል እንቢ ማለት ነበር። ጃፓንም ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በመድን ሥርዓቷ ውስጥ አግብታዋለች። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአገራችን ይልቁንም የሚታወቀው ሌላው ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከየጐዳናው የወደቁትን እያነሣ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩትን ሲረዳ ቆይቷል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ በቂሣርያ ታላቁ ባስልዮስ ከሠራው የድኆች ቤት ወገን የሚቈጠር ነው። ነገር ግን መቄዶንያ ቤት ለሌለው አዳሪ ቤት ሆኗል። የመርሳዋ እናት ቤት አላቸው፤ ቆርቆሮውም አዲስ ነው። የቸገራቸው አዳር ሳይሆን ውሎ ነው። ሁለቱን ችግር አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ለአንዱ የሚሆነውን መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በከንቱም የሚነሣ አይደለም። «ልጅ ወልጄ ሳለሁ እንደ ምስኪን በሰው አዳራሽ ልዋል?» የሚል አረጋዊ ብዙ ነው። ልጁም «እናቱን ማኅበር ላይ ጣላት» መባልን ይፈራል። እኛም ይህን እፍረት አንንቀውም። ብዙ ልጅ ፈሪሀ እግዚአብሔር ባልያዘው ጊዜ ይሉኝታ ይዞታልና፣ ይሉኝታውን ከሥሩ ነቅለን ብንጥለው በስፍራው የሚበቅለው ምን እንደሚሆን አናውቅም። ይሁን እንጂ እፍረቱ ራሱ የት ላይ እንደሚያርፍ መመርመር ይገባል። እናት ከጧት እስከ ማታ ብቻዋን በር ላይ መቀመጧ አያሳፍርም፤ ከእኩዮቿ ጋር ቡና ጠጥታ ማታ ወደ ቤቷ መመለሷ ያሳፍራል ማለት እንዴት ይሆናል? በሐዋርያት ዘመን በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ምእመናን ያጉረመረሙት መበለቶቻቸው በየዕለቱ አገልግሎት ችላ ስለ ተባሉ ነበር። ሐዋርያትም ነገሩን አልናቁትም፤ ሰባቱን ዲያቆናት ሾሙለት፤ ከእነርሱም አንዱ ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ነው። የየዕለት አገልግሎት መባሉን ልብ ይሏል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚደረግ ግብር አልነበረም፤ ዛሬም የዋለች ነገም የምትውል ሴት የምትታሰብበት ሥርዓት ነበር። የዲቁና መዓርግ የተጀመረው ለአረጋውያን ሴቶች ውሎ ከተደረገው ከዚህ ጥንቃቄ መሆኑን ዘንግተን፣ ዲያቆን ማለት ደወል የሚደውልና መስቀል የሚይዝ ብቻ አስመስለነዋል።

ስለ ራሳችን ከተናገርን ዘንድ ሌላውንም እንናገር። በወሎ ቅሬ የሚባል ማኅበር አለ፤ በሌላው አገር እድር የሚባለው ነው። ቅሬ ሰው በሞተ ጊዜ መቃብር ያስቈፍራል፤ ድንኳን ይተክላል፤ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል፤ ከቀብር የቀረውን አባል መቀጫ ያስከፍለዋል። እንዲህ ያለ መተሳሰብ ያለው ሕዝብ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን አንዲት እናት ሦስት ዓመት ብቻዋን ስትቀመጥ ያልጠየቃት ሰው መቀጫ አይከፍልም፤ በሞተች ቀን ያልመጣ ግን ይከፍላል። እኛ ካህናትም ከዚህ አንሻልም። የንስሐ ልጃችን በሕይወት ሳለች በወር አንድ ጊዜ ደጇን ለመርገጥ ጊዜ አጣን እንላለን፤ በ40ኛው ቀን ግን ልጆቿ ከባሕር ማዶ በላኩት ብር በተደገሰው ተዝካር ላይ ስፍራችንን ይዘን እንገኛለን። ጸሎተ ፍትሐቱ ይቅር የሚል ማንም የለም። ነገር ግን ለተዝካር ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱን በቁሟ ለውሎዋ አውጡት ብለን ልጆቿን የመከርን ካህናት ስንት እንሆናለን? ይህን ለመምከር የሚበቃ ሥልጣን አለን፤ የጐደለን ድፍረቱ ነው፤ ድፍረቱም የጐደለን ከድግሱ ተካፋዮች ስለ ሆንን ሳይሆን አይቀርም።

የዓለም አረጋውያን ቀን የሚባለውን በየዓመቱ የምናከብር አለን። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ዓ.ም. ኦክቶበር 1 ቀን እንዲሆን የወሰነው ሲሆን፣ ከዘመነ ዮሐንስ በቀር በእኛ መስከረም 21 ቀን፣ በግሸን ማርያም በዓል ላይ ይውላል። መግጠሙ የአቈጣጠር ነገር ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር አንሰጠውም። ሆኖም በዚያ ቀን በግሸን አምባ አቀበት ላይ እናቱን በጀርባው አዝሎ የሚወጣ ጕልማሳ አይተን አልቅሰናል። በማግሥቱ እናቱ ወዴት እንደምትውል ግን አልጠየቅነውም። በሌላም ስፍራ በበዓል ቀን አረጋውያንን በረድፍ አስቀምጦ ዳቦ እያስያዘ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ለጋሽ ልማድ ሆኗል። ይህ ነገር ቢቀር እንወድዳለን፤ አረጋዊው ፊቱ የእርሱ ነው፤ ለዳቦ ዋጋ የሚከፈል አይደለም።

በመርሳ እንዲህ ያለ መዋያ ቢታሰብ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለንም። አዳራሹ አለ፤ ሰንበቴው በሳምንት አንድ ቀን የሚጠጣበት፣ ቅሬው በወር አንድ ቀን የሚሰበሰብበት ቤት በሌሎቹ ቀናት ተዘግቶ ይውላል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ይልቅ የቅሬው ቤት የሚመረጥበት ምክንያት አለ። በሀብሩ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ኑሮ የተጋመደ ነው፤ የመርሳዋ እናት ቡና የሚጠጡት በግድግዳ ከሚዋሰኗቸው ሙስሊም እናት ጋር ነው። ስለ ውሎ እየተናገርን ባልንጀራን ከባልንጀራ ብንለይ የጀመርነውን ራሳችን እናፈርሰዋለን። ለእያንዳንዱ የጸሎቱ ሰዓት፣ ለጿሚውም ጾሙ ይጠበቅለት። የዓይን ብርሃናቸው ለደከመ የአብነት ተማሪዎች ዳዊቱንና ውዳሴ ማርያሙን ቢያነቡላቸው ተማሪዎቹም ንባባቸው ይጠነክራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤት ለቤት ከምትዞር በአንድ ስፍራ የደም ግፊታቸውን ትለካለች፤ የዓይን ሞራ የጋረደውን ወደ ሐኪም ትልካለች። መሄድ ለማይችለው የከተማይቱ የባጃጅ ነጂዎች እያንዳንዳቸው በቀን አንድ አረጋዊ ቢያመላልሱ ከገበያቸው የሚጐድለው ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን መዋያው የሚሠራበት ስፍራ እንጂ የሚቀመጡበት ብቻ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። ሰውን ደርድሮ ማብላት በረትም ይችላል። እንዝርቱ ይቅረብ፤ የስፌቱ አክርማ ይቅረብ፤ በሰፈር የተጣሉ ባልና ሚስት ወደዚያ ይምጡ፤ ሕፃናትም ከትምህርት ቤት መልስ ስለ 1966ቱ ዘመን ይጠይቁ። አረጋዊው ለሌላው የሚሆን ነገር ከእጁ ወይም ከአፉ ሲወጣ ያን ጊዜ ዋለ ይባላል። ይህ ካልሆነ ያንኑ የብረት በር ወደ አዳራሽ ማዛወር ነው።

ልጆቹስ? መዋያው ልጅን ከዕዳው የሚፈታው አይደለም፤ ጠያቂነቱን ሊወስድበት አይችልም። ጅዳ ያለችው ልጅ እናቷን በስልክ ስታገኝ ብሩ ደረሰ ወይ ብላ ከመጠየቅ አልፋ ዛሬ ከማን ጋር እንደ ዋሉ፣ ምን እንደ ተጨዋወቱ የምትጠይቅበት ነገር ታገኛለች። ዛሬ ግን ብትጠይቅ እናት የሚመልሱት ነገር የላቸውም፤ ስለዚህ ወሬያቸው ቶሎ ያልቃል።

ይህን አሳብ በቤታቸው ላረፍንባቸው እናት በጨረፍታ ነግረናቸው ነበር። የቡና ጓደኛቸውም በዚያ ነበሩና «እኔ እሄዳለሁ፤ እሳቸውንም ይዤ እሄዳለሁ» አሉ። እናታችን ግን ጥቂት አሰቡና እንደማይሆንላቸው ተናገሩ። ልጆቹ የሚደውሉበት ሰዓት አይታወቅም፤ አሠሪዎቻቸው በፈቀዱላቸው ጊዜ ነውና አንዳንዴ ረፋድ፣ አንዳንዴም ማታ ይሆናል። ታዲያ ከበሩ አጠገብ ርቀው ሄደው ሳለ ቢደውሉስ? እኛም ስልኩን በመቀነታቸው ይዘው ቢሄዱ በመርሳ ውስጥ በሁሉም ስፍራ ድምፁ እንደሚመጣላቸው አስረዳናቸው። በትሕትና ሰሙን፤ ነገር ግን አላመኑንም። የልጆቻቸው ድምፅ እስከ ዛሬ የመጣላቸው በዚያች ዱካ ላይ ተቀምጠው ሳለ ነውና።